ሁለት ጊዜ የተለቀሰላቸው የአቶ ወልደ ሰንበት ሣህለ ማርያም የሕይወት ታሪክ

«አንድ ሰው ሁለት ጊዜ አይሞትም! ወልደ ሰንበትን በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት አልቅሰን ጨርሰናል። ይኸ ከባሕር ማዶ የመጣው ሌላ ሰው ነው።»

ይህን ወሬ ብቸና ውስጥ ያልሰማ ጆሮ የለም። የወሬው ባለቤት ጎረቤታችን እትዬ ባንቺዓለም ናቸው። ላለፉት አራት ዓመታት ወፍጮ ቤት ሲሉት፣ እህል ገበያ ሲሉት፣ ከቅዳሴ ሲወጡ ሲሉት ኖረው፣ ትናንት ደግሞ አስከሬኑ ሳይገነዝ ደጃፋችን ላይ ቆመው ደገሙት። እትዬ ባንቺዓለም ክፉ ሴት አይደሉም። አስለቃሽ ናቸው። በዕድሜያቸው ካወጡት ሙሾ ሁሉ የሚበልጠውን ያወጡት ለአቶ ወልደ ሰንበት ነበር፤ ሟቹ በእግራቸው ሲመጡባቸው ሙሾው ከሰረ። ያልሞተ ሰው ሙሾ አበላሽቶባቸዋልና ቢቆጡ አይፈረድባቸውም። ዛሬ ግን ሣጥኑም እዚህ ነው፣ ሰውዬውም እውስጡ ናቸው፣ ለቀስተኛውም ሙሉ ነው። ስለዚህ ወሬውን ለአንድ ጥዋት እንተወውና ታሪካቸውን እንስማ።

አቶ ወልደ ሰንበት ሣህለ ማርያም ከአባታቸው ከቄስ ሣህለ ማርያም ገብረ ሕይወትና ከእናታቸው ከወይዘሮ ውበቴ በጎጃም ክፍለ ሀገር በብቸና አውራጃ፣ ከብቸና ከተማ ወጣ ብሎ ባለው የአባታቸው ርስት ላይ መጋቢት 5 ቀን 1938 ዓ.ም. ተወለዱ። ፊደል የቆጠሩት ከአባታቸው ነው። ዳዊት ደግመው ሲያበቁ በአሥራ ሁለት ዓመታቸው ወደ ደብረ ወርቅ ተልከው ጾመ ድጓ ተማሩ፤ ቅኔም ጀምረው ነበር። መምህራቸው «ድምፅ አለህ፤ ትዕግሥት ግን የለህም» ይሏቸው እንደነበር ራሳቸው እየሳቁ ይናገሩ ነበር። ትዕግሥቱን በኋላ ሌላ ጉባኤ ቤት ተማሩት፤ እሱን እንደርስበታለን።

በ1956 ዓ.ም. አባታቸው በማረፋቸው ትምህርታቸውን አቋርጠው ወደ ደጀን ወረዱ። እዚያ መጀመሪያ ጫኝና አውራጅ፣ ቀጥሎ የከባድ መኪና ረዳት ሆነው ሠሩ፤ በ1960 ዓ.ም. መንጃ ፈቃድ አወጡ። ከብቸናና ከሞጣ ጤፍ እየጫኑ በደጀን በኩል አባይን ሲሻገሩ ስድስት ዓመት ያህል ኖረዋል። በዚያ ሁሉ ጊዜ አንድ ቀን ስንኳን መኪና አልገለበጡም። ይህ እዚህ ላይ የተጻፈው ብዙ ሾፌሮች ለቅሶ ላይ ስለተቀመጡና እንዲሰሙት ስለተፈለገ ነው።

ጥር 18 ቀን 1961 ዓ.ም. ከወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ዘለቀ ጋር በሥርዓተ ተክሊል ተጋቡ። ይርጋነሽንና ገብረ ሕይወትን ወለዱ። በ1967 ዓ.ም. የሚነዱት መኪና ከባለቤቱ ተወርሶ ወደ መንግሥት ሲገባ እሳቸው ከመኪናው ጋር አልተወረሱም፤ ሥራ ፈቱ። ሁለት ዓመት ከመንፈቅ የቀን ሥራ ሠርተው፣ ልጆቻቸው አንድ ነጠላ ለሁለት ሲለብሱ ባዩ ጊዜ ጥቅምት 1970 ዓ.ም. «ሰሊጥ አጨዳ ደርሼ ልምጣ» ብለው በመተማ በኩል ሱዳን ገቡ። ፈቃድ ነበራቸው ወይ ብሎ የሚጠይቅ የቀበሌ ሰው ካለ፣ ሣጥኑ ይኸው፤ ይጠይቃቸው።

ገዳሪፍ ሰሊጥ አጨዱ። ሰሊጡ ሲያልቅ ፖርት ሱዳን ወርደው ከመርከብ ጆንያ አወረዱ። በ1971 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ቀይ ባሕርን ተሻግረው አንድ ኩባንያ ትልቅ ወደብ ከሚያሠራበት የዓረብ አገር ደረሱ። ትዕግሥት የተማሩበት ጉባኤ ቤት ያ ነው።

ስለዚያ ካምፕ ለልጆቻቸው የነገሩትን ባጭሩ ለመናገር ያህል፣ ከስምንት ከዘጠኝ አገር የተሰበሰበ ሰው ነበረበት። ሁሉም ባዕድ ነው፤ ግን ባዕድም ደረጃ አለው። ከአውሮጳና ከሩቅ ምሥራቅ በውል የመጡት ሰማያዊ ካርድ አንገታቸው ላይ ያንጠለጥላሉ። ሙያ ያላቸው ፓኪስታኖች፣ ግብፆች፣ የመኖችና ጥቂት ሾፌሮች ቢጫ ካርድ ይይዛሉ። እንደኛ ያለው፣ ባሕር ተሻግሮ «ሥራ ስጡኝ» ብሎ በር ላይ የቆመው ሐበሻና ሶማሌ ግራጫ ካርድ ይሰጠዋል። ሰማያዊ ካርድ ያለው ጥላ ባለው አዳራሽ ይበላል፤ ቢጫው ከድንኳን ይበላል፤ ግራጫው ሳህኑን ይዞ ጥላ ካገኘ ጥላ ውስጥ፣ ካላገኘ ባገኘበት ይበላል። ሰማያዊው በረዶ ያለው ውሃ ይጠጣል፤ ቢጫው ከቧንቧ ይጠጣል፤ ግራጫው ፀሐይ ላይ ከዋለ በርሜል ይጠጣል። አንድ ድንጋይ ሦስቱ ቢያነሱት ድንጋዩ እኩል ይከብዳቸዋል፤ ደመወዙ ግን ሦስት ዓይነት ነው። «ከሁሉ የገረመኝ» ይሉ ነበር አቶ ወልደ ሰንበት፣ «ፈረንጁ እኛን መናቁ አይደለም። ቢጫ ያንጠለጠልነው ግራጫውን መናቃችን ነው። እኔም በመጀመሪያው ወር ካርዴን ከሸሚዜ ውጭ አውጥቼ ነበር የምሄደው።»

ሞትም በካርድ ነበር። ሰማያዊ ካርድ ያለው ሲሞት በአውሮፕላን ወደ አገሩ ይላካል። ቢጫ ያለው እዚያው ይቀበራል፤ ግን ስሙ የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆምለታል፣ ለቤተሰቡም ቴሌግራም ይላክለታል። ግራጫ ያለው በቁጥር ይቀበራል፤ ቴሌግራምም የለው።

አቶ ወልደ ሰንበት ከባድ መኪና ነጂ ስለነበሩ ቢጫ ካርድ ያዙ። አንድ ድንኳን ውስጥ አብሯቸው የሚያድር የአገራቸው ልጅ ነበር፤ ፋንታ የሚባል የሞጣ ሰው፣ ግራጫ ካርድ፣ ድንጋይ ተሸካሚ። አብረው የኖሩት አምስት ወር ነው። ፋንታ ብዙ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ስለ ቤቱ የነገራቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናቱ ወለተ ገብርኤል እንደሚባሉና ሞጣ ገበያ ላይ ከሙሐመድሁሴን የጨርቅ ሱቅ ፊት ለፊት ጌሾ እንደሚሸጡ።

በግንቦት 1972 ዓ.ም. ፋንታ ከዚያ በርሜል ውሃ የተነሣ ሆዱን ታመመ፤ ደም ያስቀምጠው ጀመር። የካምፑ ክሊኒክ ግራጫ ካርድ አያስገባም፤ ለግራጫ ካርድ በር ላይ ነጭ ኪኒን ይሰጠዋል። ኪኒኑን ሦስት ቀን ዋጠ፤ በአራተኛው ቀን መቆም አቃተው። አቶ ወልደ ሰንበት ቢጫ ካርዳቸውን ከአንገታቸው አውልቀው በፋንታ አንገት ላይ አጠለቁ፤ በጀርባቸው አዝለውም ወሰዱት። ዘበኛው ፎቶግራፉን አየ፤ ፋንታን አየ፤ «ግባ» አለው። «ለእነሱ ሐበሻ ሁሉ አንድ ፊት ነው፤ ለአንድ ቀን ጠቀመን» ይሉ ነበር። አልጋ ሰጡት፤ ግሉኮስ ሰቀሉለት። ግን ዘግይቷል። በሦስተኛው ቀን አረፈ።

የሞተው ፋንታ ነው። በመዝገቡ ላይ የሞተው ወልደ ሰንበት ሣህለ ማርያም ነው።

አንዳንዱ «ለምን ወዲያው አልተናገሩም?» ይላል። ይህን የሚል ሰው ካምፑን አላየውም። ካርድ ማዋስ እስር ነበረው፤ እሱ እንኳ አንድ ነገር ነው። ዋናው ምክንያት ግን ሌላ ነበር። ፋንታ በቢጫዎቹ ረድፍ፣ ሰሌዳ ቆሞለት ተቀብሮ ነበር። አቶ ወልደ ሰንበት አፋቸውን ቢከፍቱ ቆፍረው አውጥተው ወደ ቁጥሮቹ ይወስዱት ነበር። «ስሙ የእኔ ቢሆንም ሰሌዳ አለው» አሉና ዝም አሉ። የፋንታን ግራጫ ካርድ አንገታቸው ላይ አንጠለጠሉ፣ ከመኪናው ወርደው ድንጋይ ተሸከሙ፣ ከዚያው በርሜል ጠጡ። አምስት ዓመት። መምህራቸው ቢያዩአቸው ኖሮ «ትዕግሥት የለህም» ያሉትን ይቅርታ ይጠይቁበት ነበር።

ለቢጫ ካርድ የሚላከው ቴሌግራም ሰኔ 1972 ዓ.ም. ብቸና ደረሰ። በእንግሊዝኛ ስለነበር አንድ አስተማሪ ተረጎሙት። ከዚያ በኋላ የሆነውን አብዛኞቻችሁ ታውቁታላችሁ፤ በልታችኋልና። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ጠጉራቸውን ተላጩ፣ ጥቁር ለበሱ። አስከሬን የሌለው ለቅሶ ነበርና አንድ ካፖርታቸውን ዘርግተን አለቀስንበት። እትዬ ባንቺዓለም ያንን ሙሾ ያወጡት ያኔ ነው፤

የባሕር ማዶ አሸዋ ምን አለው ምልክት፣
ወልደ ሰንበት ብዬ የምጣራበት።

በአርባው ተዝካራቸው ወጣ። በሬ ወደቀ፤ ካህናቱ ጸለዩ፤ እድሩም ግዴታውን ተወጣ። በመዝገቡም ላይ «ተቀብረዋል» ተብሎ ተጻፈ። አቶ ወልደ ሰንበት በዚያ ሰዓት ድንጋይ ተሸክመው ነበር። በኋላ ሲነገራቸው «በሬው የቱ ነው፣ ቡሬው ነው?» ብለው ጠየቁ። አዎን ሲባሉ «እሱን እንኳ ባትነኩት» አሉ።

በ1973 ዓ.ም. አንድ ደብዳቤ መጣ። በካምፑ የደብዳቤ ፊርማ ሁሉ ከካርድ ጋር ስለሚመሳከር አቶ ወልደ ሰንበት በራሳቸው ስም መፈረም አልቻሉም። «ወልደ ሰንበት አልሞተም። ቀን ጠብቆ ይመጣል። አታልቅሱ። ወንድማችሁ ፋንታ» ብለው ጻፉ። ከዚህ የበለጠ ግልጽ አማርኛ ከየት ይመጣል? በዚያ ዘመን ቤታችን ውስጥ ማንበብ የሚችል ስላልነበረ ደብዳቤው ወደ መሪጌታ አካለ ወልድ ተወሰደ። መሪጌታ ሊቅ ናቸው፤ ሊቅነታቸው ነው ያጠፋን። አነበቡት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ «ግሩም የማጽናኛ ቃል ነው። ይህ ፋንታ የሚባል ሰው የተማረ ነው። አልሞተም ማለቱ ጻድቅ አይሞትም ማለቱ ነው፤ ይመጣል ማለቱም በትንሣኤ ሙታን ነው» አሉ። ቤቱ እንደገና በልቅሶ ተናጠ።

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ብቻ፣ «መሪጌታ፣ እንደው ዝም ብሎ አልሞተም ማለቱ ቢሆንስ?» አሉ።

«ሰብለ፣ ምሥጢር ነው» አሉ መሪጌታ። «በላዩ ብቻ አይነበብም።»

ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ደብዳቤውን አጥፈው ሙዳይ ውስጥ አስቀመጡት። በዚያ ሙዳይ ምክንያት ሁለት ጊዜ የመጡትን የጋብቻ ሽማግሌዎች መለሱ፤ አንደኛዎቹን የላካቸው ኮት የለበሰ የአውራጃ ሠራተኛ ነበር። ልጃቸው ይርጋነሽ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥራ፣ ቀሪውን ደግሞ ሸቀጥ የተጠቀለለበትን ጋዜጣና የመድኃኒት ብልቃጥ ሁሉ እያነበበች ራሷን ካስተማረች በኋላ፣ በ1975 ዓ.ም. ደብዳቤውን ከሙዳዩ አውጥታ አነበበችው። «እማዬ፣ አልሞተም ነው የሚለው» አለች። እናቷም «እኔስ ምን አልኩ» አሉ። መሪጌታ ዛሬ ከፊት ተቀምጠዋል፤ ይቅርታ ከጠየቁ አራት ዓመታቸው ነው፣ እኛም ይቅር ካልን እንደዚያው። ይህ የተነሣው ታሪክ ስለሆነ ብቻ ነው።

ሌላው ነገር በሞጣ ነበር። አቶ ወልደ ሰንበት የፋንታን ስም ከያዙ ጀምሮ የፋንታ እናት ሳይጠየቁ አንድ ዓመት አላለፈም። የሞጣው ነጋዴ አቶ ሙሐመድሁሴን ለሐጅ ሲሄዱ በዚያ ወደብ አለፉ። አቶ ወልደ ሰንበት አገኟቸውና ካርዳቸውን አሳይተው «እኔ ፋንታ ነኝ» አሏቸው። የፋንታን ፊት በልጅነቱ ብቻ የሚያውቁት አቶ ሙሐመድሁሴንም አመኑ። አቶ ወልደ ሰንበት በእሳቸው እጅ ለእናቲቱ አንድ ጋቢ የሚሆን ክርና አንድ ደብዳቤ ላኩ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ወደ ሞጣ የሚመለስ ሰው ባገኙ ቁጥር ይልኩ ነበር፤ የዓይን ጠብታ፣ ሻሽ፣ አንድ ጊዜም የላስቲክ ጫማ። ደብዳቤውን አቶ ሙሐመድሁሴን ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ሆነው ያነቡላቸዋል፤ እማሆይ ወለተ ገብርኤልም ጌሿቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ።

እንዲህ ሆኖ ብቸና በሕይወት ላለ ሰው ጥቁር ለብሳ፣ ሞጣ የሞተ ሰው የላከውን ጫማ ስትቀበል አምስት ዓመት አለፈ።

በ1977 ዓ.ም. መጨረሻ ወደቡ ተሠርቶ አለቀ። ሰማያዊ ካርዶች በአውሮፕላን፣ ቢጫዎች በአውቶቡስ፣ ግራጫዎች ደግሞ በከብት መርከብ ተሸኙ። አቶ ወልደ ሰንበት ፖርት ሱዳን ወርደው፣ ከዚያ በእግርም በጭነት መኪናም በመተማ በኩል ገብተው፣ ኅዳር 12 ቀን 1978 ዓ.ም. ከቀኑ በአሥር ሰዓት ብቸና ደረሱ።

በመጀመሪያ ያዩአቸው እትዬ ባንቺዓለም ናቸው። እንስራቸውን ጥለው «ኧረ የሞተ ሰው! ኧረ የወልደ ሰንበት ጋኔን!» እያሉ መንደሩን ቀሰቀሱ። አንዱ ጠበል ፍለጋ ሮጠ፤ አንዱ ድንጋይ አነሣ። አቶ ወልደ ሰንበት በሩ ላይ ቆሙ። ከስተዋል፤ ጠቁረዋል፤ ስማቸውን ራሳቸው ከጠሩት ብዙ ዓመት ስለሆናቸው «ወልደ ሰንበት ነኝ» ያሉት ሁለት ጊዜ ጀምረው ነው። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ከጓዳ ወጡ። ብዙ ካዩአቸው በኋላ፣ «ጋኔንም ቢሆኑ የእኔ ጋኔን ነዎት። ይግቡ» አሉ። ገቡ። በሩ ተዘጋ። ጠበል ይዞ የመጣው ሰው ውጭ ቀረ።

መሞት ቀላል ነበር፤ መኖርን ማስመዝገቡ ስምንት ወር ፈጀ። ቀበሌው «ለሞተ ሰው መታወቂያ አይሰጥም» አለ፤ ሦስት ሽማግሌና ሁለት ካህን መሰከሩ፤ ሊቀ መንበሩም በመጨረሻ «ጓድ፣ ከዚህ በኋላ እንዳይደገም» ብለው ፈረሙ። አቶ ወልደ ሰንበት ወደ ሾፌርነታቸው ተመልሰው ለአገልግሎት ማኅበሩ መኪና ነዱ። ወደ አገሩ ወግ መመለስም ለእሳቸው ቀላል አልነበረም። በመጀመሪያው ዓመት የማኅበር ድግስ ላይ ሸማኔው ከበር አጠገብ ለብቻው ተቀምጦ ሲበላ ባዩ ጊዜ ሳህናቸውን ይዘው አጠገቡ ሄደው ቁጭ አሉ። «ምነው?» ሲባሉ፣ «እዚህም ግራጫ ካርድ አለ እንዴ? እኔ የምበላበትን ቦታ አውቃለሁ» አሉ። ሰው አፈረ። ሁሉም ሰው ግን አላፈረም፤ ያላፈራችሁት ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

አንድ ነገር ግን እንቅልፍ ነሣቸው፤ ይኸውም የፋንታ እናት ናቸው። ደብዳቤው ከቆመ ከዓመት በላይ ሆኗል። እኚያ ሴት ከሱቁ ፊት ለፊት ተቀምጠው ልጃቸውን ይጠብቃሉ። አቶ ወልደ ሰንበት ሦስት ጊዜ ሞጣ ድረስ ሄዱ። ሦስት ጊዜ ከሩቅ አዩዋቸው፤ የላኩትን የላስቲክ ጫማ አድርገው ጌሾ ይመዝናሉ። ሦስቱንም ጊዜ እግራቸው አልታዘዝ ብሏቸው ተመለሱ። «ምን እላቸዋለሁ? ልጅዎ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው፤ የሚጽፍልዎ እኔ ነኝ እላለሁ? እኔ ልገድለው ነው የምሄደው እኮ» ይሉ ነበር። እህል አይበሉም ነበር። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል በአራተኛው ላይ መረራቸው። «እኔ አምስት ዓመት በውሸት አልቅሻለሁ። እኚያ ሴት በእውነት የማልቀስ መብት አላቸው። ተነሡ!» አሏቸው።

ታኅሣሥ 20 ቀን 1979 ዓ.ም. አቶ ወልደ ሰንበት፣ ባለቤታቸው፣ መሪጌታ አካለ ወልድና ልጃቸው ይርጋነሽ ሞጣ ሄዱ። አቶ ሙሐመድሁሴን ሱቃቸውን ዘግተው አብረው ተቀመጡ። አቶ ወልደ ሰንበት በእማሆይ ወለተ ገብርኤል እግር ላይ ድንጋይ ተሸክመው ወደቁ፤ ሁሉንም፣ ከካርዱ እስከ ሰሌዳው፣ አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ።

እማሆይ አልጮሁም። «መቃብር አለው?» አሉ።

«አለው እማሆይ። ሰሌዳ ቆሞለታል።»

«የማን ስም አለበት?»

«የእኔ።»

«ሲያመው ማን አዘለው?»

«እኔ።»

«እንግዲያ ያንን ድንጋይ ከጫንቃህ አውርድ። ተነሥ» አሉ። ያን ጊዜ ነው ያለቀሱት፤ ሞጣም አብራ አለቀሰች። በዕለቱ አንድ ጥያቄ ተነሣ፤ ያ በብቸና የወጣው ተዝካር ለማን ሊሆን ነው? በወልደ ሰንበት ስም የተጸለየው ለፋንታ ይደርሳል ወይ? መሪጌታ አካለ ወልድ ይህን ጊዜ ምሥጢር አልፈለጉም። «እግዚአብሔር የሞተውን ያውቃል፤ ቴሌግራም አያነብም» አሉ። ይህ መሪጌታ በዕድሜያቸው ከተናገሩት ሁሉ የሚበልጥ ነው ብለን እናምናለን። ለእርግጠኝነቱ ግን ፍትሐቱ በሞጣ በክርስትና ስሙ እንደገና ተደረገለት።

በአርባውም እማሆይ ወለተ ገብርኤል ማር አስመጡ። አውራ ጣታቸውን በማር ነክረው፣ በሽማግሌዎች ፊት፣ የአርባ ዓመት ሰው የሆኑትን አቶ ወልደ ሰንበትን አጠቧቸው፤ የጡት ልጃቸው አደረጓቸው። አቶ ወልደ ሰንበት ያንን ጣት እንደ ሕፃን ሲጠቡ ከሳቁት ውስጥ ልጃቸው ይርጋነሽ አንዷ ነበረች፤ ከዚያ ግን ሳቋ አልቀጠለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ አባታችን ተኙ። እህል በሉ። በየወሩ የመጀመሪያው ቅዳሜ ሞጣ እየሄዱ ለእናታቸው ጌሾ ያወርዱ ነበር።

አቶ ወልደ ሰንበት በካምፑ ከሲሚንቶ አቧራ የያዛቸው ሳል ከ1980 ዓ.ም. ወዲህ እየጠና ሄደ። በደብረ ማርቆስ ሆስፒታል ሁለት ጊዜ ተኝተው ታከሙ። አልጋ ሲሰጣቸው የጠየቁት የመጀመሪያ ጥያቄ «ካርዱ ምን ቀለም ነው?» የሚል ነበር። «ሁሉም አንድ ነው አባባ» ስትላቸው ነርሷ ደስ አላቸው። የካቲት 13 ቀን 1982 ዓ.ም. ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት፣ በአርባ ሦስት ዓመታቸው፣ በቤታቸው፣ በአልጋቸው፣ በራሳቸው ስም አረፉ።

ትናንት የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደ ኪዳን መዝገቡን ገልጠው «እንግዲህ እዚህ ተቀብረዋል ይላል፤ ምን ላድርግ?» ብለው ነበር። ወይዘሮ ሰብለ ወንጌል «ተቀብረዋል ካለ መቃብሩን ያሳዩኝ» አሏቸው። ዳኛው እስክሪብቶ አወጡና ሰረዙ። እትዬ ባንቺዓለምም የሟቹን ፊት እንዲያዩ ተፈቀደላቸው፤ አይተው «እሱ ነው። ግንባሩ ላይ ያ የልጅነቱ ጠባሳ አለበት» አሉ፤ ሙሾዋንም ዛሬ በአዲስ ዜማ እንዲያወጧት ተስማምተናል። ሙሾዋ ግን የባሕር ማዶውን አሸዋ ትታ የአገር አፈር ትላለች።

እናዝናለን፤ አባት ነው ያጣን። ግን እፎይ ብለናል ማለትም ነውር አይሆንም። ያኔ ካፖርት ዘርግተን አልቅሰናል፤ ዛሬ የምንቀብረው ሰው አለን። ቁጥር የለበትም፤ ቀለም የለበትም፤ በሰሌዳው ላይ የሚጻፈው ስምና ከሥሩ ያለው ሰው አንድ ናቸው። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ላልተፈተነበት ሰው ነው።

አቶ ወልደ ሰንበት የወይዘሮ ሰብለ ወንጌል ዘለቀ ባለቤት፣ የይርጋነሽና የገብረ ሕይወት አባት፣ የእማሆይ ወለተ ገብርኤል የጡት ልጅ ነበሩ። አምላከ ቅዱሳን ነፍሳቸውን ሁሉም እኩል በሚቀመጥበት ማዕድ ያኑርልን፤ ውሃውም ከአንድ ምንጭ ይሁንላቸው። በሩቅ አሸዋ ውስጥ በስማቸው የተኛውን ወንድማቸውንም አብሮ ይማርልን።

ከዚህ በታች ያለው ጽሑፉ በታይፕ ከተመታ በኋላ ዛሬ ጠዋት በእጅ የተጨመረ ነው።

እማሆይ ወለተ ገብርኤል ከአቶ ሙሐመድሁሴን ጋር በጭነት መኪና ከሞጣ ደረሱ። ይህ ጽሑፍ ሲነበብላቸው አባታችን ሦስት ጊዜ ከሞጣ ገበያ የተመለሱበት ቦታ ሲደርስ እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን። «ያንን ሁሉ መንገድ በከንቱ ነው የተመላለሰው» አሉ። «ልጄ እንደሞተ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቄ ነበር። ማን እንደሚጽፍ ነው ያላወቅሁት። ከተናገርኩ እናቴ የሚለኝ ይቀራል ብዬ ዝም አልኩ።» አቶ ሙሐመድሁሴንን ዞረው አዩአቸው፤ እሳቸውም አንገታቸውን ደፍተው «እውነት ነው። ሳነብ ቆም ብል፣ ቀጥል ብለውኛል» አሉ።

ያ የመጀመሪያው ደብዳቤ የሚጀምረው ደብዳቤ ሁሉ በሚጀምርበት ወግ ነው፤ «ውድ እናቴ ሆይ፣ አባቴን እጅ ነሥቻለሁ በይልኝ» ብሎ። እማሆይ እንደነገሩን የፋንታ አባት የሞቱት ፋንታ ገና በእናቱ ሆድ እያለ ነው።